«ሰው ይለምደዋል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝና «እስቲ አንብበህ የመሰለህን በለኝ» አለኝ። ጽሑፉ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚውል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ለጤና፣ ለግብርና፣ ለችግረኛ ድጎማ ስለሚሠራው ኤአይ ማለት ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ድሃ አገር ጊዜ የለውም። መሣሪያው ቶሎ ይግባ። ተጠቃሚውን ማማከር፣ ሥራውን ከሰው ኑሮ ጋር ማስማማት የሚባለው የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። መጀመሪያ ሥራ ይጀምር፣ «ሰው ይለምደዋል»።

ጸሐፊው ለሕዝብ ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔም ስለምቆረቆር ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ለወዳጄ በድምፅ መመለስ ጀምሬ ነበር። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ተውኩትና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ነጥቦቻቸውን እንዳነሷቸው በተራ እሄድባቸዋለሁ።

«ማሽኑ ከሐኪም እኩል ካየ ሌላው ትርፍ ወሬ ነው»

የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ባለሙያ በሌለበት ቦታ ከ90 በመቶ በላይ በትክክል የሚለይ መሣሪያ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ይግባ ይላሉ። የባለሙያ እጥረቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ይህ ነገር በተግባር ተሞክሯል። የሆነውንም እናውቃለን።

ቦታው ታይላንድ ነው። የስኳር ሕመም ዓይንን ቀስ በቀስ ይጎዳል። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፣ ካልተደረሰበት ያሳውራል። በታይላንድ 4.5 ሚሊዮን ያህል የስኳር ታማሚ ሲኖር የሬቲና ስፔሻሊስቱ ግን 200 ገደማ ብቻ ነበር። ጉግል የዓይን ፎቶ አይቶ ሕመሙን የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ የተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠራ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ነበር። እስከ 10 ሳምንት ይጠበቅ የነበረ ውጤት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል ተባለ። መሣሪያው በ11 ክሊኒኮች ገባ።

ከዚያስ? ሞዴሉ ጥርት ያለ ፎቶ ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነው የተሠራው። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ነርሷ በአንድ ጠዋት የምታነሳው ሰው ብዙ ነው። የዓይን ፎቶ ጨለም ያለ ክፍል ይፈልጋል። ከ11ዱ እንዲህ ያለ ክፍል የነበራቸው ሁለት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ወደ ሲስተሙ ከገቡት 1,838 ፎቶዎች ውስጥ 21 በመቶው አልፎ መነበብ አልቻለም።

ፎቶው ያላለፈለት ሰው ምን ይባላል? «ሌላ ቀን ሌላ ሆስፒታል ሂድና ስፔሻሊስት ይይህ» ይባላል። የቀን ሥራውን ትቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነርሶቹ ፎቶውን በዓይናቸው አይተው ደህና እንደሆነ ሲገባቸው እንኳ ማሽኑ ካልተቀበለው ሰውየውን መላክ ነበረባቸው። ኢንተርኔቱም ሌላ ጣጣ ነበር። በአንድ ክሊኒክ ኔትወርክ ለሁለት ሰዓት ሲቋረጥ በዕለቱ መታየት ከነበረበት 200 ሰው የታየው 100 ብቻ ሆነ። በመጨረሻ አንዳንድ ነርሶች በሽተኞቻቸውን «በሙከራው መሳተፉ ይቅርባችሁ» እያሉ መምከር ጀመሩ። ለከንቱ መንገድ እንዳይዳረጉ ብለው ነው።

ይህን ያወጣው የጉግል ተቃዋሚ እንዳይመስላችሁ። የራሱ የጉግል ተመራማሪዎች ክሊኒክ ድረስ ሄደው፣ ከነርሶቹ ጎን ቆመው አይተው በ2020 በፈረንጆቹ አሳተሙት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት እንግዲህ ይኸው ነው፣ ሄዶ ማየት።

ቀረብ ያለ ነገር ልጨምር። አክስቴ የደም ግፊት ክትትል አላት። የምትታከምበት ቦታ የቀጠሮ መልእክት በራሱ ወደ ስልክ የሚልክ ሲስተም አስገባ። መልእክቱ በአማርኛ ነው። ቀኑም ትክክል ነው። ሰዓቱ ላይ «8:00» ይላል። አክስቴ ምሳዋን በላች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ልክ 8 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ደረሰች። ሲስተሙ ግን 8:00 ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት። «እማማ፣ ተራዎ አልፏል፣ ሌላ ቀጠሮ ይያዝልዎት» ተብላ ተመለሰች። ኪኒኗ አልቆ ስለነበር ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች። እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው።

እስቲ ማሽኑ የቱ ጋ ተሳሳተ? የትም አልተሳሳተም። ሰዓቱን በትክክል አውቆ፣ ለትክክለኛዋ ሰው፣ በትክክለኛው ቀን ላከ። ብትለኩት መቶ በመቶ ነው። የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ናት፦ ይህን የሚያነበው ሰው ቀኑን የሚቆጥረው ከየት ጀምሮ ነው? ይህን ደግሞ የሚነግራችሁ ኮምፒውተር ሳይሆን ወረፋ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ነው።

«ከ90 በመቶ በላይ» የሚለው ቁጥርም ራሱ ቢፈተሽ ጥሩ ነው። ቁጥሩ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ስህተቱ በማን ላይ እንደወደቀ አይናገርም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኤአይ ተመራማሪ ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ምርቶች ተፈትነዋል። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ የተገኘው ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ያው አንድ ማሽን ለአንዱ አስተማማኝ ነው፣ ሌላዋን ግን ከሦስት ጊዜ አንዱን ይስታታል። እኛ ከየትኛው ወገን እንደምንቆም ለመገመት መስታወት ማየት በቂ ነው።

«ማሽን ዘመድ የለውም»

ሁለተኛው ነጥባቸው ብዙ ሰው እንደሚያስጨበጭብ አውቃለሁ። ሰው ያዳላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ለወገኑ ይሠራል። ማሽን ግን ዘመድ የለውም፣ ዳታ አይዋሽም ይላሉ። ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው የመጣው በጓሮ በር ሲገባ ያየ ሰው ሁሉ ይህ አባባል ልቡን ይነካዋል። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ነጥቡን በቀላሉ አልገፋውም።

ግን ማሽኑ የሚማረው ከየት ነው? ሰው ከሠራው፣ ሰው ከተጓደለበት መዝገብ ነው። በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን በሽተኞች የሚመርጥ አልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚከተለው የስሌት መመሪያ፣ ነበር። ስለ ዘር ምንም አልተነገረውም። ማን የበለጠ እንደታመመ የሚገምተው ለሰውየው ሕክምና በወጣው ገንዘብ ነበር። ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፣ ብዙ የታመመ ብዙ ያስወጣል። ነገር ግን ጥቁሮች ሕክምና ለማግኘት እንቅፋት ስላለባቸው እኩል ታመውም የሚወጣላቸው ገንዘብ ያነሰ ነው። ማሽኑም «እነዚህ ደህና ናቸው» ብሎ ደመደመ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ይህ ቢስተካከል ተጨማሪ እገዛ ከሚያገኙት ውስጥ የጥቁር በሽተኞች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ዘመድ የለም፣ ጉቦም የለም። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች «ሕመምን በወጪ እንለካው» ብለው ወሰኑ፣ አለቀ። ነገሩን ወደ እኛ አምጡት። ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው መዝገብ ላይ ጤነኛ ነው። የትራንስፖርት አጥታ ቤቷ የተኛች እናት በዳታው ውስጥ አልታመመችም። ዳታው አልዋሸም። እሷን አያውቃትም እንጂ። ሰውን ያማከለ ኤአይ ሲባል የምረዳው ይህን ነው። ምን ይለካ፣ በምን ይለካ የሚለው ሲወሰን ያቺ እናት፣ ወይም እሷን የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ መኖር አለባት። መሣሪያው ካለቀ በኋላ ለምርቃቱ መጋበዝ አይጠቅማትም።

«ግድ የለም፣ በመጨረሻ ሰው ይፈርምበታል»

ሦስተኛው ነጥብ ለሚፈሩት ማረጋጊያ ተብሎ የቀረበ ነው። ማሽኑ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ሰው ይሰጣል፣ ስለዚህ ምን ያስፈራል ይላሉ። ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ኔዘርላንድ ውስጥ ያ ሁሉ ጉዳት የደረሰው ሰው እየፈረመበት ነው።

የኔዘርላንድ የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት ማቆያ ድጎማ የሚያመለክቱ ወላጆችን በአጭበርባሪነት የሚጠረጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሥጋት ነጥብ የሚሰጥ ሞዴል ይጠቀም ነበር። ዜግነት አንዱ መመዘኛ ነበር። የኔዘርላንድ ዜጋ ያልሆነ ሰው ነጥቡ ይጨምራል። ነጥቡ ከፍ ያለው ፋይል ወደ አንድ ሠራተኛ ይሄዳል። ሠራተኛው ግን ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ የሚነገረው ነገር የለም። አስቡት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፋይል አለ። ፋይሉ «ይህች ሴት አጠራጣሪ ናት» ይላል። ምክንያት የለውም። ታዲያ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? መፈለግ ይጀምራል። የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አያጣም፣ የጎደለ ፊርማ ወይም ያልተሞላ መስመር ያገኛል።

በዚህች ትንሽ ጉድለት የተነሳ ወላጆች የዓመታት ድጎማ በሙሉ መልሱ ተባሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ። ከ20,000 በላይ ቤተሰቦች ተጎዱ። ብዙዎቹ የውጭ አገር ዝርያ ያላቸው ናቸው። ቤት ተሸጠ፣ ትዳር ፈረሰ፣ ከተጎዱት ቤተሰቦች ከ1,000 በላይ ልጆች ከቤታቸው ተወስደው በሌላ እጅ አደጉ። ወላጆቹ ስልክ ሲደውሉ፣ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ምን እንዳጠፉ የሚነግራቸው አልነበረም። የፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2020 በፈረንጆቹ ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርክ ሩተ መንግሥት በጥር 2021 ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን የግብር መሥሪያ ቤቱን 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

ሀብታም አገር ነው። ፍርድ ቤት አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ፓርላማ አለ። ያም ሆኖ ዓመታት ፈጀ።

እኛ ዘንድ «አቤት» የሚል ቃል አለ። የተበደለ ሰው አቤት ይላል፣ አቤት የሚባልበት በር ይፈልጋል። እነዚያ ወላጆች ያጡት ያንን በር ነው። ፈራሚ ነበረ፣ ሰሚ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው «ሲስተማችን ሰው አለበት» ሲለኝ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ያ ሰው ምክንያቱን ያያል? «አይሆንም» የማለት ሥልጣን አለው? እምቢ ካለስ አለቃው ምን ይለዋል? እኛ ቢሮ ሄደን «ሲስተም የለም» ተብለን ስንመለስ ከርመናል። ነገ ደግሞ «ሲስተሙ አልተቀበለዎትም» ብቻ ተብለን የምንመለስ ከሆነ ሰው መኖሩ ምን ፈየደልን?

«ቶጎን እዩ»

አራተኛው ነጥባቸው ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። በ2020 ኮሮና ሲገባ የቶጎ መንግሥት «ኖቪሲ» የሚባል የገንዘብ ድጋፍ ጀመረ። የተሟላ የድሆች መዝገብ አልነበረውም። የሳተላይት ምስል አይቶ ድሃ የሆኑ አካባቢዎችን፣ የስልክ አጠቃቀም አይቶ ድሃ የሆኑ ሰዎችን የሚገምት ሞዴል ተሠራ። ገንዘቡ በስልክ ደረሰ። ጸሐፊው «ማንንም ሳያማክሩ በፍጥነት ሠሩት» ይላሉ።

ሥራው በእርግጥም የሚደነቅ ነው። ግን ጥናቱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በ2022 «ኔቸር» ላይ የወጣው ውጤት ሁለት ቁጥር አለው። አካባቢን ብቻ መሠረት አድርጎ ከመምረጥ ጋር ሲወዳደር፣ ሞዴሉ የሚገባቸውን ሰዎች የመተው ስህተት ከ4 እስከ 21 በመቶ ቀንሷል። ይህን ጸሐፊው ጠቅሰዋል። ሁለተኛውን ግን አልጠቀሱትም። ሰው ቤት ለቤት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ከሚኖረው ምርጫ ጋር ሲወዳደር፣ ሞዴሉ ይህንኑ ስህተት ከ9 እስከ 35 በመቶ ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ይህን በግልጽ የጻፉት።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ጎርፍ ሲመጣ ያገኘኸውን እንጨት ይዘህ ትሻገራለህ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ግን ያ እንጨት ድልድይ ነው አይባልም። ደግሞም ስልክ የሌለው ሰው በስልክ ዳታ ውስጥ የለም። ከድሃ ሁሉ ድሃው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቶጎዎች ምዝገባውን ስማርትፎን ሳያስፈልግ ተራ ስልክ ላይ በአጭር ቁጥር እንዲሆን አድርገዋል። ይህን ያሰበ ሰው የሕዝቡ እጅ ላይ ምን ዓይነት ስልክ እንዳለ ያወቀ ሰው ነው። ስለዚህ «ማንንም ሳያማክሩ» የሚለው ራሱ ልክ አይመስለኝም።

«ገበሬ ስለ አልጎሪዝም ምን ያውቃል?»

የመጨረሻው ነጥባቸው ይህ ነው። ሰውን ማማከር ጊዜ ማባከን ነው፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን አያውቅም፣ ቴክኖሎጂው ስለማይገባው የሚረባ መልስ አይሰጥም ይላሉ። ይህን ሳነብ ከፋኝ። ገበሬ ስለ አልጎሪዝም ላያውቅ ይችላል። ስለ እርሻው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቋንቋው ግን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

8028ን አስታውሱ። በ2014 በፈረንጆቹ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር ነው። ገበሬው በተራ ስልክ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ስለ ጤፉ ወይም ስለ ስንዴው በድምፅ ይሰማል። ማንበብ አይጠበቅበትም። ኤአይ አልነበረም። ግን ሠሪዎቹ ከአፕ ይልቅ ድምፅን መምረጣቸው የመጣው ገበሬውን ከማወቅ ነው። ዛሬ በአማርኛ የሚናገር ኤአይ ለገበሬ እንሥራ የሚል ሁሉ ከዚያ ቢጀምር ይጠቀማል።

ቋንቋው ራሱ ብዙ ጉድ አለው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል። መካከሉ ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ይገባል። ቆጥሬ 12 አጻጻፍ አገኘሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። አንዱ መሥሪያ ቤት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ይመዘግባታል። ይህን ያልተነገረው ማሽን 12 ሴቶች አድርጎ ያያታል፣ ወይም «የለችም» ይላል። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ሰርተፊኬቷ ላይ ስሟ ተሳስቶ የተንገላታች ማንኛዋም ፀሐይ ትነግራችኋለች።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ አርማን የሚባል ድርጅት አለ። ለነፍሰ ጡሮችና ለወለዱ እናቶች የጤና ምክር በነጻ የስልክ ጥሪ ያሰማል። ብዙዎቹ እናቶች ከጊዜ በኋላ ማዳመጥ ያቆማሉ። ሠራተኞቹ ለሁሉም መልሰው እንዳይደውሉ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ከጉግል ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሠሩት ኤአይ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ሳምንት ለየትኞቹ እናቶች ቢደወል ይሻላል የሚለውን ይጠቁማል። የምትደውለው ሰው ናት። የምታዳምጠው፣ «ለምን ተውሽው?» ብላ የምትጠይቀው ሰው ናት። 23,000 ያህል ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ ማዳመጥ የሚያቋርጡት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ማሽኑ ትንሿን ሥራ ያዘ፣ ትልቋን ለሰው ተወላት። እንዲህ ዓይነቱን ነው እኔ እንዲበዛ የምመኘው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት በጥያቄ ነው። «እሺ፣ ይማከር እንበል። ማን ይጠየቅ? ምን ተብሎ?» ይላሉ። ከምር የተጠየቀ ስለሆነ ከምር ልመልስ። ባለፈው እሑድ አክስቴ ጋ ሄጄ ቡና እየጠጣን ጠየቅኳት። ስለ አልጎሪዝም አላነሳሁም። «ያ የቀጠሮ መልእክት እንዴት ቢሆን ይሻልሽ ነበር?» ነው ያልኳት። ሰዓቱን በሐበሻ ቢያደርጉት ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ሰዓቱን መጀመሪያ አላነሳችውም። ስኒዋን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ እኮ ፊደሉ አይታየኝም። የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብልኝ። የምወስደውን ኪኒን ስም ሳይቀር ጮክ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ለምን ደውለው አይነግሩኝም?»